ሦስት ቀን በማሊክ አምባር ከተማ፦ አውራንጋባድን፣ ኤሎራንና አጃንታን እንዴት ይጎበኛሉ?

ወደ ሕንድ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ አገር ለማየት ብሎ አይነሳም። ሕመምተኛ ያሳክማል፣ ይማራል ወይም ዕቃ ያመጣል። መሃል ላይ ሦስት አራት ባዶ ቀን ሲተርፈው ግን የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፦ «ታጅ ማሃልን ሳላይ አልመለስም»። ዴልሂ ላለ ሰው ሐሳቡ መልካም ነው። ሙምባይ ወይም ፑኔ ለሰነበተ ሰው ግን ታጅ ማሃል ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ካሉት ቀኖች አብዛኛውን መንገድ ይበላበታል።

እኔ ለእንዲህ ያለ ሰው የምመክረው አውራንጋባድን ነው። ከሙምባይ በባቡር ስድስት ሰባት ሰዓት፣ ከፑኔ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዙሪያዋ ያሉት ኤሎራና አጃንታ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ታጅ ማሃል በተመዘገበበት በዚያው በ1983 ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሁለተኛው ምክንያቴ ለእኛ ብቻ የሚነገር ነው። ከተማዋን በ1610 የቆረቆራት ከኢትዮጵያ ምድር በባርነት ተሽጦ የወጣው ማሊክ አምባር ነው።

ከመነሳትዎ በፊት

መጀመሪያ ቀን ይቁጠሩ። አጃንታ ሰኞ ዝግ ነው፤ ኤሎራ ደግሞ ማክሰኞ። ይህን ሳያውቅ ሰኞ ጠዋት አጃንታ በር ላይ የደረሰ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ባዶ እጁን ይመለሳል። እሑድ ክፍት ቢሆንም የአገሬው ቤተሰብ ሁሉ ስለሚወጣ ትከሻ ለትከሻ መገፋፋት ነው። ረቡዕ ጠዋት ከተማዋ የሚያስገባዎት ጉዞ ከሁሉ ይሻላል፤ ረቡዕ ለከተማዋ፣ ሐሙስ ለኤሎራ፣ ዓርብ ለአጃንታ ይሆናል።

ወራቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ምቹ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ድንጋዩ ራሱ ያቃጥላል። ዝናባቸው የእኛ ክረምት በሚሆንበት ጊዜ ይወርዳል፤ ጭቃውን ከታገሡት ግን በዋሻዎቹ ገደል ላይ ፏፏቴ ሲወርድ የሚያዩት በዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጉዞዎ ከኢትዮጵያ የሚጀምር ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙ። ሕንድ ከእኛ አገር የሚመጣውን መንገደኛ ካርዱን ትጠይቃለች፤ የሌለው ሰው ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመነሻው ዋዜማ መወጋት አይጠቅምም።

የባቡር ቲኬት ሲቆርጡ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ የከተማዋ ስም በ2023 በይፋ ተቀይሮ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሏል። በአንዱ ስም ፈልገው ካጡ በሌላው ይሞክሩ፤ ሰዉ በአፉ ሁለቱንም ይጠቀማል። ሁለተኛ፣ የተጠባባቂነት ምልክት ያለበት ቲኬት ገንዘብ ቢከፈልበትም አልጋ አልተሰጠበትም፤ ቁጥር ያለው የተረጋገጠ አልጋ እስኪያገኙ ሻንጣ አይዝጉ። ሦስተኛው ለእኛ ሰው የተጠመደ ወጥመድ ነው። ሰዓታቸው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ይለውጣል። ከሐሙስ ማታ በኋላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ ባቡር በቲኬቱ ላይ የዓርብ ቀን ይጻፍበታል። «ለዓርብ አጥቢያ» ብለው ካሰቡት አይሳሳቱም፤ ዓርብ ማታ ጣቢያ ከደረሱ ግን ባቡርዎ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

በሌሊት ባቡር ከሄዱ አየር ማቀዝቀዣ ካላቸው የመኝታ ክፍሎች አንዱን ይምረጡ፤ አንሶላና ብርድ ልብስ ይሰጥዎታል። ሙምባይ ላይ የሚሳፈሩበት ቻትራፓቲ ሺቫጂ ጣቢያ እሱ ራሱ የዓለም ቅርስ ነውና ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደርሰው ከፊት ለፊቱ ይቁሙ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከተማዋ

ከጣቢያው ሲወጡ ባጃጆች ይከቡዎታል። «ባጃጅ» ብለው ቢጠሩ ግን ሾፌሩ ግር ይለዋል፤ እነሱ «አውቶ» ወይም «ሪክሾ» ነው የሚሉት። ባጃጅ ለእነሱ የፋብሪካው ስም ነው። ፋብሪካው ደግሞ እዚሁ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው ዋሉጅ፣ ባጃጅ ኩባንያ ባለ ሦስት እግሮቹን ይሠራል። ዋጋውን ሳይስማሙ አይሳፈሩ። ለሙሉ ቀን ከያዙት ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት በዋጋው ውስጥ መሆኑን ደግመው ይጠይቁ። ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ በዚህ ነው።

ሻንጣ አስቀምጠው ቁርስ ከበሉ በኋላ ወደ ባድካል በር ይሂዱ። ማሊክ አምባር በ1612 ያሠራው ትልቅ የድንጋይ በር ነው። የሚያስከፍል የለም፣ የሚያስረዳም የለም፤ ተሽከርካሪ በዙሪያው ይርመሰመሳል። እዚያ ቆመው ታሪኩን ለራስዎ ይንገሩ። ሰውየው በ1548 ገደማ ተወለደ፤ የልጅነት ስሙ ቻፑ ነበር ይባላል። ተሽጦ በቀይ ባሕር ማዶ አልፎ ባግዳድ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ሕንድ ተወሰደ። በገንዘብ የገዛው በዚሁ አካባቢ የነበረው የአሕመድናጋር መንግሥት ሹም ሲሆን፣ እሱም ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት ወታደር ሆነ፤ የራሱን ፈረሰኛ ጦር አደራጀ። ከ1600 ጀምሮ ለስም ብቻ በተቀመጡ ነገሥታት ስም የአሕመድናጋርን መንግሥት በእንደራሴነት አስተዳደረ። ሰሜን ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር እጅግ ስለጠላው፣ ራሱን ጃሃንጊርን የማሊክ አምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲነድል የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። በሥዕል እንጂ በእውን ግን አልሆነለትም፤ ማሊክ አምባር በ1626 ያረፈው ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው።

ከተማዋን ሲቆረቁራት ስሟ ካድኪ ነበር። ውኃ አልነበራትምና ከኮረብታዎቹ ሥር የከርሰ ምድር ውኃን በቦይ እየመራ አመጣላት፤ «ነህር አምባሪ» የሚባለው ይህ ነው። ዘዴው ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ፓንቻኪ ይሂዱ። ይህኛው በኋላ ዘመን በአንድ የሱፊ መምህር መካነ መቃብር ዘንድ የተሠራ የውኃ ወፍጮ ነው፤ አሠራሩ ግን የዚያው ዘመን ጥበብ ነው። ከከተማ ውጪ ካለው ምንጭ በሸክላ ቧንቧ የመጣው ውኃ በግድግዳ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣና ከአፋፉ ወደ ገንዳው ይወርዳል፤ በዚያ ኃይል የድንጋይ ወፍጮው ይዞር ነበር። ለድሆችና ለእንግዶች እህል ይፈጭበት ነበር። ገንዳው ራሱ ከሥሩ ላለው አዳራሽ ጣሪያው ነው፤ በሙቀት ጊዜ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ለምን እንዲህ እንደተሠራ ይገባዋል።

ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ወደ ቢቢ ካ ማቅባራ ይሂዱ። የኋለኛው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብ ሚስት የዲልራስ ባኑ መቃብር ሲሆን በ1660 አካባቢ ተጠናቀቀ። ከሩቅ ሲያዩት ታጅ ማሃልን ያዩ ይመስልዎታል። «የድሃ ታጅ» እያሉ የሚያቃልሉት አሉ፤ እኔ ግን ይህ አባባል ደስ አይለኝም። ቀርበው ግድግዳውን በመዳፍዎ ይንኩት። እስከ ወገብዎ ድረስ ያለው ቀዝቃዛና ልሙጥ እብነ በረድ ነው፤ ከዚያ በላይ እጅዎ የሚያገኘው ሻካራ ልስን ነው፤ ጉልላቱ ላይ እንደገና እብነ በረድ ይሆናል። ገንዘቡ የት ላይ እንዳጠረ ግድግዳው ራሱ ይናገራል። ውስጥ ሲገቡ መቃብሩ ከእርስዎ በታች ነው፤ በተፈለፈለ የእብነ በረድ አጥር ዙሪያ ቆመው ቁልቁል ያዩታል።

ማታ በአሮጌው ከተማ ናን ካሊያ የሚባለውን የበግ ወጥና ዳቦ ይፈልጉ፤ የከተማዋ ምግብ ነው። ጾም ከሆነ ግን ልብ ይበሉ። የሕንድ «ቬጅ» ምግብ የእኛ የጾም ምግብ አይደለም። በታሸገ ዕቃ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ሥጋ የለበትም ማለት እንጂ ወተትና ቅቤ የለበትም ማለት አይደለችም። ምስሩንም ቂጣውንም «ያለ ጊ፣ ያለ እርጎ፣ ያለ ፓኒር» ብለው ያዝዙ። ጊ የተነጠረ ቅቤያቸው ነው፤ ፓኒር አይባቸው።

ሁለተኛው ቀን፦ ምሽጉ፣ መቃብሩ፣ ኤሎራ

የዚህን ቀን ቅደም ተከተል እንዳይለውጡት። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ በጉጉት ተነሳስቼ በማለዳ ኤሎራ ገባሁ፤ ካይላሳ የሚባለው ታላቁ ቤተ መቅደስ ጥላ ውስጥ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የኤሎራ ገደል ወደ ምዕራብ ስለሚመለከት ፀሐይ የምትገባለት ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ላይ የዳውላታባድን ምሽግ በቀትር መውጣት ነበረብኝ፤ መሃል ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስተው ቀድመው ዳውላታባድ ይድረሱ። ከከተማዋ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮረብታው እንደ ሾጣጣ ቆብ ብቻውን የቆመ ሲሆን ግርጌው በሰው እጅ ተጠርቦ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኗል። የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉክ በ1327 ዋና ከተማዬ ይህ ነው ብሎ የዴልሂን ሰው ያን ሁሉ መንገድ ያስጓዘው ወደዚህ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መልሷቸዋል። በሮቹ ላይ ያሉትን የብረት ሹሎች ይመልከቱ፤ በግንባሩ በር የሚሰብር ዝሆን እንዳይጠጋ የተተከሉ ናቸው። ከድልድዩ ቀጥሎ «አንዴሪ» የሚባል ጨለማ መተላለፊያ አለ። ጠመዝማዛ ነው፣ ይሸታል፣ የሌሊት ወፍ ይርመሰመስበታል፤ የገባ ጠላት መንገዱን እንዲስት ታስቦ የተሠራ ነው። የእጅ ባትሪ ይያዙ። ጉልበትዎ ካልጠነከረ እስከ ጫፍ መውጣት ግዴታ አይደለም፤ ከጨለማው መተላለፊያ ማዶ መድረስ ይበቃል።

ከዚያ ኩልዳባድ። ሾፌሩን «የማሊክ አምባር ማቅባራ» ብለው ይንገሩት፤ የማያውቀው ከሆነ በስልክ ካርታ ያሳዩት። ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ አውራንግዜብ መቃብር ስለሚወስዱ ይህን አስቀድመው ካልተነጋገሩ ሳያዩት ይመለሳሉ። ባለ ጉልላት የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ የሚስቱ የቢቢ ካሪማ መቃብርም አጠገቡ ነው። ቲኬት የለም፣ ሰልፍ የለም። ጫማዎን አውልቀው ሲገቡ ልብስ የለበሰ መቃብር መሃል ላይ ተጋድሞ ያገኛሉ። እኔ በነበርኩበት ግማሽ ሰዓት ከፍየሎችና ከአንድ ጠባቂ ሽማግሌ በቀር ማንም አልመጣም። ሽማግሌው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ሐበሺ?» አሉና እጃቸውን ወደ መቃብሩ ዘረጉ።

አውራንግዜብ የተቀበረው በዚያችው ትንሽ ከተማ ነው። ቅድመ አያቱ አክበርና አያቱ ጃሃንጊር ሊይዙት ሲለፉበት የኖሩትን የደካን ምድር (ይህንኑ አካባቢ) ሲወጋ ኖሮ በ1707 ሞተ፤ በራሱ ፈቃድ መቃብሩ ጣሪያ የሌለው አፈር ነው። በዚህ ቦታ ዙሪያ በየጊዜው ፖለቲካዊ ውጥረት ስለሚነሳ ጥበቃው ጠበቅ ይላል። ፓስፖርትዎን ይያዙ፣ ሴቶች ነጠላ ወይም ሻርፕ አይርሱ፣ ስለ ሰውየው ደግም ክፉም አይናገሩ።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ምሳ በልተው ኤሎራ ይግቡ። የውጭ አገር ሰው መግቢያ 600 ሩፒ ነው፤ አጃንታም እንዲሁ። በስልክ መክፈል ወረፋ ያሳጥራል። ጠዋት ያየነው ምሽግና የትናንቱ ቢቢ ካ ማቅባራ ደግሞ 300 ናቸው።

ዋሻዎቹ 34 ናቸው። ከ1 እስከ 12 የቡድሂስት፣ ከ13 እስከ 29 የሂንዱ፣ ከ30 እስከ 34 የጃይን እምነት ተከታዮች ናቸው። ሁሉንም አያለሁ የሚል ሰው አንዱንም አያይም፤ እኔ አራት እመርጣለሁ። በ10 ይጀምሩ። ጣሪያው እንደ እንጨት ቤት ማገር ነው፤ ግን እንጨት የለበትም፤ ሁሉም ድንጋይ ነው። ሕዝቡም «የአናጢው ዋሻ» ይለዋል። ቀጥሎ 12ን ይዩ፤ ከዓለት የተጠረበ ባለ ሦስት ፎቅ ገዳም ነው። ከዚያ በግቢው አውቶቡስ ወደ ሰሜን ጫፍ ሄደው 32 ይግቡ፤ ላይኛው ፎቅ ጣሪያ ላይ የተቀረጸውን የሎተስ አበባ ሳያዩ አይውጡ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ወደ 16 ይመለሱ። ካይላሳ ይህ ነው።

ላሊበላን ያየ ኢትዮጵያዊ እዚህ ከማንም አስጎብኚ ይልቅ ነገሩ ይገባዋል። እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ሁሉ ካይላሳም አልተገነባም። ዓለቱ ከላይ ወደ ታች እየተወቀረ ወጥቶ የቀረው ነው ቤተ መቅደስ የሆነው። በስምንተኛው ክፍለ ዘመን በራሽትራኩታው ንጉሥ በቀዳማዊ ክሪሽና ዘመን የተሠራ ነው፤ ከላሊበላ አራት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል ማለት ነው። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው ይህኛው ወደ 30 ሜትር ይጠጋል። ቅዱስ ላሊበላ ጥርት ያለ መስቀል አወጣ፤ እነዚህ ደግሞ አንድም ባዶ ድንጋይ አልተዉም፤ ሁሉም ቅርጽ ነው። የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር ለሻይ ሰዓት ይቆይ።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ወደ ግቢው ሳይገቡ ከጎኑ ወደ ገደሉ አናት የሚያወጣውን የእግር መንገድ ይውጡ። ከላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ጠራቢዎቹ መጀመሪያ መሮ ያሳረፉበትን ጣሪያ እኩያዎ ሆኖ ያገኙታል። ከአጥሩ አይለፉ። ከዚያ ወርደው ይግቡና ቤተ መቅደሱን የተሸከሙትን ዝሆኖች በዙሪያው ይዩ። በደቡብ በኩል ራቫና የተባለው ባለ ብዙ እጅ ጋኔን ከሥር ሆኖ ተራራውን ሲነቀንቅ የሚያሳይ ቅርጽ አለ፤ የሂንዱዎቹ አምላክ ሺቫ ከላይ በእግሩ ጣት ብቻ ተጭኖ ያረጋጋዋል። በመጨረሻ ደረጃውን ወጥተው ጫማ አውልቀው ወደ ውስጥ ይግቡ። በዚህ ሰዓት ብርሃኑ በበሩ በኩል ገብቶ ዓምዶቹን ማር ያስመስላቸዋል።

ሙዝ ወይም ብስኩት በእጅዎ ይዘው አይዙሩ፤ ዝንጀሮዎቹ ፈቃድ አይጠይቁም።

ሦስተኛው ቀን፦ አጃንታ

ከከተማዋ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። የመንግሥት አውቶቡስ ከማዕከላዊ መነኻሪያ ይነሳል፤ ሦስት አራት ሰው ከሆናችሁ ግን መኪና መከራየት ይሻላል። መኪናው የሚቆመው ከዋሻዎቹ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሆነ ከዚያ በግቢው አውቶቡስ ይገባሉ። በዚህ መሸጋገሪያ ላይ አንድ ወጣት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ «ስጦታ ነው» ብሎ እጅዎ ላይ ያኖራል። ስጦታው ሲመለሱ ሱቁን እንዲጎበኙ የሚያስገድድ ዕዳ ነውና በትሕትና ይመልሱለት።

አጃንታ የቡድሂስት ገዳማት ብቻ ነው፤ ሠላሳ ያህል ዋሻዎች በወንዝ ጠመዝማዛ ላይ በፈረስ ጫማ ቅርጽ ተደርድረዋል። የመጀመሪያዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የተጀመሩ ሲሆን የመጨረሻዎቹ በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ተሠርተዋል። ኤሎራ የቅርጽ ቦታ ነው፤ አጃንታ የሥዕል። ስለዚህ አስተያየትዎን ይለውጡ፤ እዚህ መሮጥ ክልክል ነው። ከፀሐይ ወደ ዋሻ 1 ሲገቡ ምንም አይታይዎትም። ቆመው እስከ መቶ ይቁጠሩ። ዓይንዎ ጨለማውን ሲለምድ በኋለኛው ግድግዳ በግራ በኩል ሰማያዊ አበባ የያዘ፣ ዓይኑን ዝቅ ያደረገ ሰው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ፓድማፓኒ የሚሉት እሱ ነው። የካሜራ ብልጭታ ሥዕሉን ስለሚጎዳ የተከለከለ ነው።

ከ1 ቀጥሎ 2፣ 16 እና 17 ለሥዕል፣ 26 ደግሞ ተጋድሞ ላለው ትልቅ የቡድሃ ቅርጽ ይበቃሉ። በየዋሻው ጫማ ስለሚወለቅ ማሰሪያ የሌለውን ይጫሙ። ደረጃ የሚከብዳቸው አዛውንት ካሉ ተሸካሚዎች በወንበር ያወጧቸዋል።

ዋሻ 10 ላይ ለአፍታ ይቁሙ። ቦታው ተረስቶ ኖሮ በ1819 ጆን ስሚዝ የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ነብር ሲያድን አገኘው፤ ስሙንና ቀኑን ዓምዱ ላይ ጫረበት። ጽሑፉ ዛሬ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ያኔ ወለሉ በፍርስራሽ ስለተሞላ የቆመው በዚያ ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ሙምባይ የሚመለሱ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይነሱ፤ የማታውን ባቡር በእርጋታ ይደርሱበታል። ታጅ ማሃልን ካላየሁ የሚለው ሐሳብ አሁንም ካልለቀቀዎት ግን ወደ አውራንጋባድ አይመለሱ። ጠዋት ሻንጣዎን ይዘው ይውጡ፤ ዋሻዎቹን ሲያዩ በመግቢያው ዕቃ ማስቀመጫ ያኖሩታል። ከአጃንታ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ላይ ጃልጋኦን የሚባል ጣቢያ አለ፤ ከሙምባይ ወደ ዴልሂ የሚሄደው ዋና መስመር በዚያ ያልፋል። ማታ ተሳፍረው ያደሩ እንደሆነ በማግስቱ አግራ ነዎት። ብቻ ቀኑን ይቁጠሩ፤ ታጅ ማሃል ደግሞ ዓርብ ዝግ ነው።